ለወንበር የተረፈ፣ ለጄኔሬተር የጠፋ በጀት

ለተከበሩ የፋይናንስ ጽሕፈት ቤት ኃላፊያችን፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎና ለመላ ቤተሰብዎ ጤና እመኛለሁ፤ ድንገት ቢታመሙ ወደ ሰፈራችን ጤና ጣቢያ እንዳይወስዱዎ ስለምሰጋ ምኞቴ ከልብ ነው። እኔ መገናኛ አካባቢ የጨርቅ ሱቅ ያለኝ ፈቲያ ሙዘሚል ነኝ። ልጄ ራህማ በመጪው ሳምንት በቀዶ ሕክምና ትወልዳለች። የመንግሥት ሆስፒታሎች አልጋ የለም ብለው ወደዚሁ ጤና ጣቢያ መልሰዋታል፤ የግሉን ደግሞ አቅሜ አይችለውም። የጤና ጣቢያው ጄኔሬተር ከረመዳን ወዲህ ተበላሽቶ ቆሟል፣ የሰፈራችን መብራትም እንደፈለገ መጥቶ እንደፈለገ እንደሚሄድ እርስዎም ያውቁታል። ስለዚህ ምስጋናዬን በቅደም ተከተል አቀርባለሁ።

1ኛ. ጄኔሬተሩ ይጠገን ብለን ስንለምን፣ ገንዘቡ ቢኖርም ለጥገና ስላልተመደበ መንካት እንደማይቻል በትሕትና ስላስረዱን እናመሰግናለን። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት ይኸው ነው።

2ኛ. ሰኔ ሊያልቅ ሲል የተረፈው በጀት ተመላሽ እንዳይሆን ተሯሩጠው የሚሽከረከሩ ወንበሮች ስለገዙልን አላህ ይስጥልን። ማስቀመጫ ስለጠፋ በማዋለጃው ኮሪደር ላይ ከነፕላስቲካቸው ተደርድረዋል፤ ምጥ የያዛት ሴት በጎን እየሾለከች ታልፋለች።

3ኛ. ጎረቤቴ የሺአረግ ሐምሌ መጀመሪያ ላይ ሆዷ ተከፍቶ ሳለ መብራት ጠፋ። ሐኪሞቹ በስልካቸው ብርሃን እሷን አተረፏት፣ ሕፃኑ ግን አልተረፈም። ለዚህ የሚሆን ምስጋና ፈልጌ አጣሁ።

4ኛ. አዲሱ በጀት ሲገባ ይስተካከላል ብለውን ነበር። ገባ። አሁን ደግሞ ገና አልተሸነሸነም፣ ሒሳቡም በሪፎርሙ መሠረት ወደ ኮምፒውተር እየተዛወረ ስለሆነ እስከ መስከረም ታገሡ ተብለናል። እኔ መታገሥ ለምጃለሁ፤ የራህማ ሆድ ግን የበጀት ዓመት አያውቅም።

ክቡር ሆይ፣ ከዚህ በላይ በጨዋ ቋንቋ መጻፍ አቅቶኛል። ፈርቻለሁ። ከሰፈሩ አዋጥተን እናስጠግነው ብንል እንኳ፣ የመንግሥትን ንብረት ያለ ጨረታ ማስነካት ክልክል ነው ተባልን። ገንዘብ አልጠየቅሁዎትም፤ ጥገናውን የሚፈቅድ ፊርማዎን ብቻ ነው የምለምነው፤ እባክዎን ልጄን ያትርፉልኝ።

ግብሯን በወቅቱ የምትከፍል፣ በደጅዎ ለመቆምም ተራ የምትይዝ፣ አክባሪዎ
ፈቲያ ሙዘሚል

ማሳሰቢያ፦ ይህን ጽፌ እንደጨረስኩ ከጽሕፈት ቤትዎ ተደውሎልኝ፣ ስለ መንግሥት ገንዘብ አስተዳደር ማሻሻያ በሚደረገው ውይይት ላይ በባለድርሻ አካልነት ተጋብዣለሁ። ቦታው ሃያ ሁለት ሰፈር የሚገኝ ሆቴል ነው። መብራት ቢጠፋስ ብዬ ስጠይቅ፣ የደወለችልኝ ልጅ ሆቴሉ ሁለት ጄኔሬተር ስላለው እንዳልሰጋ አረጋግጣልኛለች። ቀኑ ራህማ ለቀዶ ሕክምና የተቀጠረችበት ስለሆነ ይዣት እመጣለሁ፤ የመክፈቻ ንግግርዎን ከመጀመርዎ በፊት አንድ ረዘም ያለ ጠረጴዛ ያስለቅቁልን።