የወንዙ ዳር ፓርክ አዲስ ታፔላ

ሰኞ፣ ኦገስት 7
ብርዱ አልለቀቀም። የክሊኒኩ ሚኒባስ ጠዋት አልነሳም ብሎ አስገፋኝ። የኩላሊት እጥበት ያለባቸውን አሮጊቶች አደረስኩ፣ መለስኩ። እማ እንደ ልማዷ ቤት አልገባም አለች። ፓርኩ ውስጥ፣ ደረቁ ወንዝ ዳር፣ ከአክስቶቼ ጋር ካርታ ጨዋታ። ከእጥበት ማሽኑ ስትወርድ በእግሯ የሚያቆማት ይሄ ብቻ ነው።

የፓርኩ ታፔላ ላይ አሁንም የዚያ ፖሊስ ስም። ነጮቹ ምድራችንን ሲይዙ ቅድመ አያቶቻችንን በሰንሰለት አስሮ የነዳ ሰው! ወንድሜ ይሄን ስም ለማስነሳት ስንት ዓመት የከተማውን ምክር ቤት ደጅ ጠና... ሳያይ ሞተ።

ሐሙስ፣ ኦገስት 10
ተሳካ! የምክር ቤት አባሏ ሎረን ደወለች። እየነዳሁ ስለነበር ስልኩን ላውድ አድርጌ አነሳሁት። የፖሊሱ ስም ተነሳ አለችኝ። በደስታ መሪውን መታሁት። ከዚያ ቀጠለች... "በወንድምሽ ስም ሰይመነዋል" አለችና ሙሉ ስሙን ጠራችው። እማ ከኋላ ተቀምጣለች።

ብርድ ልብሷን ራሷ ላይ ጣለች። እስክንደርስ አልገለጠችውም።

የሞተ ሰው ስም እኛ ዘንድ አይጠራም። ከሞተ ወዲህ የኖረበትን ቤት ለቀናል፣ ፎቶውን ከግድግዳ አውርደናል፤ እኔ እዚህ እንኳ አልጽፈውም። ሎረን ይሄን ሁሉ ዓመት አብራን ኖራ አታውቅም? ወይስ ታፔላ ላይ ሲሆን አይቆጠርም ብላ ነው?

ቅዳሜ፣ ኦገስት 12
የአጎቴ ልጅ መጣ። የወንድሜ ሞክሼ ስለሆነ ከቀብሩ ወዲህ ኩመንጃይ ነው የምንለው፤ የሟች ሞክሼ ሁሉ የሚጠራው እንደዚያ ነው። "እኔ በስሜ እንዳልጠራ ተከልክዬ፣ ስሜ መንገድ ዳር ሊሰቀል ነው?" ብሎ አሳቀን። እማ ግን አልሳቀችም። ስሙ ያለበት ቦታ አልቀመጥም፣ ፓርኩ በቃኝ አለች። አክስቴ ዶት ደግሞ ተይው ትለኛለች። ከነካካሽው የፖሊሱን ስም መልሰው ይለጥፉታል ብላ።

ፈራሁ? አዎ። ግን እናቱን የሚያባርር ክብር ምን ያደርግለታል? አልተውም።

ረቡዕ፣ ኦገስት 16
ሎረን ጋ ሄድኩ። ሻይ አቀረበች፤ ክፉ ሰው አይደለችም። ለክብሩ ነው ያደረግነው እያለች ስሙን ደጋግማ ጠራችው። እጄን አንስቼ አስቆምኳት። ደነገጠች። ቀስ ብዬ አስረዳኋት... ፊቷ ቀላ። ግን ያለፈው በጥቂት ድምፅ ብልጫ ነው አለችኝ፤ ጉዳዩ እንደገና ከተከፈተ ሁሉንም ልናጣው እንችላለን።

"ይከፈት" አልኳት።

ሰኞ፣ ኦገስት 21
እማ ፓርኩ ጋ ከሚኒባሱ አልወርድም አለች። አክስቶቼም ፓርኩን ትተው፣ ካርታቸውን ይዘው ከሱፐርማርኬቱ ጀርባ፣ ቆሻሻ ገንዳው አጠገብ። ተናደድኩ። አለቀስኩም።

ሐሙስ፣ ኦገስት 24
የምክር ቤቱ ስብሰባ። አንዱ ሽማግሌ የምክር ቤት አባል ገና ስንገባ፣ የጠየቃችሁትን ሰጠናችሁ፣ አሁን ደግሞ ምን ጎደለ ብሎ ጀመረ። እኔ የተዘጋጀሁበትን ልናገር ስል እማ ክንዴን ያዘችኝ። ራሷ ተነሳች። በቋንቋችን በአረርንቴ ተናገረች፣ እኔ ተረጎምኩ።

"ልጄን አንዴ ቀብሬዋለሁ። በየቀኑ አታስቀብሩኝ። ያ ቦታ ፖሊሱ ሳይወለድም ስም ነበረው። አፐረ ነው የሚባለው፣ በወንዙ ትልልቅ ዛፎች ስም። የሁላችንም ስም ነው። እሱን መልሱልን።"

ድምፅ ተሰጠ። መጀመሪያ እጇን ያወጣችው ሎረን ናት። ሽማግሌው አላወጣም። ይሁን። ያለሱም አለፈ!

ወንድሜ ቢሰማ ምን ይል ነበር? "ራሴ ከምደክም መጀመሪያውኑ እማን መላክ ነበረብኝ" ይል ነበር።

ማክሰኞ፣ ሴፕቴምበር 19
ታፔላው ቆመ። ሪባን የለ፣ ንግግር የለ፤ እማ አልፈልግም ብላ። አፐረ ይላል፤ ከሥሩ በትንንሽ ፊደል፣ የአረርንቴ ሕዝብ ምድር። አክስቶቼ ከቆሻሻ ገንዳው ተመልሰዋል። እማ ከእጥበቱ በቀጥታ መጣች፣ በካርታ ተበላች፣ ዶትን አጭበርባሪ ብላ ሰደበች።

ከዚያ ታናሽ እህቷ ደወለች፣ የት ናችሁ ብላ። እማ የዚያን ፖሊስ ስም ከአፏ አውጥታ አታውቅም፤ ወንዙ ጋ፣ ዛፉ ጋ እያለች ነው ያረጀችው። ዛሬ ስልኩን ጆሮዋ ላይ ለጥፋ፣ ዓይኗን ከካርታዋ ሳታነሳ፣

"አፐረ ነን" አለች።