ከዲሹ ፊት ለፊት

ይድረስ ለማልጠግብሽ እህቴ፤

አሰላሙ ዓለይኪ እታለም። ወገብሽ ተሻለሽ ወይ? ልጆቹስ? የኮምቦልቻ ዝናብ ዘንድሮ እንዴት ነው? እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ፤ ሆዴ ገፍቶ ጫማዬን እንኳን የሚያስርልኝ ሃይደር ነው።

«እኔ ጋ መጥተሽ ውለጂ፤ እምቢ ካልሽ ራሴ መጥቼ እወስድሻለሁ» ብለሽ የጻፍሽውን ሳነብ አለቀስኩ። መምጣት እፈልጋለሁ። ግን መጀመሪያ አንድ ነገር ላጫውትሽ።

ሃይደር ከካርጎ ሥራው ሲመለስ የቪዲዮ ካሴት ተከራይቶ መጣ። ፊልሙ ላይ ያሉት ባልና ሚስት ናቸው። ባልየው ጎረቤቶቹ እንደሚያዳምጡት ያውቃል። ሚስትየዋ መጀመሪያ ትስቅበታለች፣ ኋላ ግን መስኮቱን በብርድ ልብስ የምትሸፍነው ራሷ ናት። እንግሊዝኛው ስለሚፈጥንብኝ ሃይደር እያቆመ ይተረጉምልኝ ነበር። «አየሽ፣ ዘግይታም ቢሆን ገባት» አለኝ። የኛም ጎረቤት ቪላው ጣሪያ ላይ ትልቅ ዲሽ ተክሏል። ሰማይ ሰማይ ማየት ሲገባው አፉ ወደ እኛ ነው። እኔም እንደዚያች ሴትዮ ስስቅ ነበር፤ አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል።

ካሴቱን ስመልስ አከራይዋን ሶሬቲን፣ ያቺን የጉርድ ሾላ ቀልደኛ፣ ፊልሙን እንዴት አየሽው አልኳት። «ውይ፣ ባልየው እኮ አሞት ነው! እሷም ተጋብቶባት። የሚያዳምጣቸው ማንም የለም» ብላኝ እርፍ።

አንድ ፊልም እንዴት ሁለት ይሆናል? ነገሩ ከነከነኝ። መልሼ ተከራየሁትና ሃይደር ሥራ ሲውል ብቻዬን አየሁት። ቃላቱን ባልይዝም የሴትዮዋን ፊት አጠናሁ። የፈራ ሰው ፊት ነው። ያመመው ሰውም ፊት ሊሆን ይችላል፣ እንጃ። ለሃይደር ስነግረው አልተቆጣም፤ ብቻ «ሶሬቲን እንዲህ በያት ያላት ማነው?» አለኝ። እኔ ሞኟ ይህን እንዴት ሳላስበው ቀረሁ? የሱቋም ጣሪያ ላይ ዲሽ አለ እኮ፣ እታለም።

የባሰውን ልንገርሽ። ሐሙስ ረፋድ ላይ ብቻዬን ሳለሁ በሩ ተንኳኳ። «እኔ ነኝ ክፈቺ፣ ልወስድሽ ነው የመጣሁት» አለች አንዲት ሴት። ድምፁ ቁርጥ ያንቺ። በቀዳዳ አየኋት፤ የሻሽ አስተሳሰሯ እንኳን ያንቺው ነው። የገንፎ እህልና ቅቤ ይዛለች። ደግሞ እናታችን ብቻ በምትጠራኝ ስም ጠራችኝ! ይህን ከየት አገኙት? ማን ነገራቸው? በጣም ነው የገረመኝ። ደጃፉ ላይ ተቀምጣ ስታለቅስ እጄ መቀርቀሪያው ላይ ደርሶ ነበር። ያቺን የፊልሙን ሴት ይዘዋት የሄዱት ግን በሩን የከፈተች ዕለት ነው። ተውኩት። ከሰዓት በኋላ ተነስታ ሄደች። ትታው የሄደችውን ቅቤ ሃይደር ጓሮ ቀበረው። ግንባሬን ስሞ «አሁን ገና ሚስቴ ሆንሽ» አለኝ።

ስለዚህ የምወልደው እዚሁ ነው፤ እንዳትቀየሚኝ። አላህ ጤናሽን ይመልስልሽ፣ ልጆችሽን ለወግ ለማዕረግ ያብቃልሽ።

አንድ ነገር ብቻ ቶሎ ጻፊልኝ፤ ሐሙስ ዕለት የት ነበርሽ?

የምትወድሽ ታናሽ እህትሽ