የማለዳው ቁጥር

ጥቅምት 14፣ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ

ውድ አኩራፊዬ፣

እንዴት ሰነበትሽ? አምስት ሳምንት ሙሉ አልደወልሽም። እኔም አልደወልኩም። አንቺ በቁጣ፣ እኔ በፍርሃት። ያንቺ ይሻላል።

ደብዳቤ የምጽፍልሽ ስልክ ላይ ስለምዋሽ ነው። ድምፅሽን ስሰማ አፌ እኔን ሳያስፈቅድ "ደህና ነኝ" ይላል።

"ሥራ በዝቶብኛል፣ ለሠርግሽ መምጣት አልችልም" ያልኩሽ ውሸት ነበር። አንቺም ሳይገባሽ አልቀረም። "እሺ፣ ከኬኮችህ ጋር ኑር!" ብለሽ ዘጋሽው። እኔ ስልኩን ጆሮዬ ላይ እንደያዝኩ ብዙ ቆየሁ።

እውነቱ ይኸውልሽ።

ከሦስት ወር በፊት ክሊኒክ ሄጄ ነበር። ምንም ሳልበላ በማለዳ በሰጠሁት ደም ስኳሬ 118 ሆኖ ተገኘ። ሐኪሙ "የስኳር በሽታ ነው አልልዎትም፤ ግን ወደዚያ እያመሩ ነው። ከዚህ መመለስ ይቻላል" አለኝ። ከእራት ጋር የምትዋጥ አንዲት ክኒን አዘዘልኝ። ዳቦ እንድቀንስ፣ ጣፋጭ እንድተው፣ በእግሬ እንድሄድ ነገረኝ። ከሦስት ወር በኋላ ተመለስ ተባልኩ።

ጣት ወግቶ ስኳር የሚለካ ትንሽ መሣሪያ ደግሞ በራሴ ፈቃድ ገዛሁ። ነገሬ የተበላሸው እዚህ ላይ ነው።

ደስ ብሎኝ ነበር የጀመርኩት። ዕድሜዬን ሙሉ ዱቄት ስመዝን የኖርኩ ሰው፣ ለራሴ ሆድ ሚዛን አላጣም ብዬ። የሳህኔ ግማሹ ጎመንና ካሮት፣ ሩቡ ምስር ወይም እንቁላል፣ የቀረው ሩዝ። ክሬም መቅመስ እንኳን ተውኩ። የሚቀምስልኝ የምድጃው ሠራተኛ ሆነ፤ ሁሉን አውቃለሁ ስለሚል ሊቁ እንለዋለን። በየቀኑ "ትንሽ ስኳር ይጎድለዋል" ይለኛል። ምንም አይጎድለውም። ሁለተኛ ማንኪያ ፈልጎ ነው።

መሣሪያው ግን 171 አለ። በማግስቱ 183። ከዚያ 204።

እራቴን አሳነስኩ። 190።

ሊቁ "ጌታው፣ ሱሪህ ጥሎህ ሊሄድ ነው፤ ለጊዜው የያዘው ቀበቶህ ነው" አለኝ። ሳቅሁ። ማታ ክኒኗን ስውጥ "እባክሽ" እላት ጀመር። አባትሽ ክኒን ሲለምን አስቢው።

ለሐኪሙ ለምን አልነገርክም ትዪኛለሽ። ቁጥሩን ሌላ ሰው ከሰማው እውነት የሚሆን መሰለኝ።

አያትሽን፣ አባቴን፣ አላየሽውም። እናትሽን ያገባሁ ቀን በሁለት ሰው ተደግፎ ገባ፤ ስኳሩ እግሩን አቁስሎት፣ በነጭ ፋሻ ተጠቅልሎ። ሙሽራዋን ያየ የለም። ሰው ሁሉ ፋሻውን ነበር የሚያየው። እኔም ጭምር። ሳየው አየኝ። ምሳ ሳይቀርብ "ደከመኝ" ብሎ ወጣ።

204 ባየሁ ቀን የታየኝ ያ ፋሻ ነው። በሠርግሽ ቀን ዓይን ሁሉ ካንቺ ላይ ተነስቶ እኔ ላይ ሲያርፍ። አንቺም ስታዪኝ። ያን ሰሞን ደወልሽ። ሥራ በዝቶብኛል አልኩሽ።

ከትናንት በስቲያ ቀጠሮዬ ነበር። ሳልበላ ሄድኩ። ከክንዴ ደም ወሰዱ። ውጤቱን ያመጣችው ነርስ ያንቺ እኩያ ናት፤ እንዳንቺም ትቸኩላለች።

"አባባ፣ ጎበዝ! 104።"

"የሌላ ሰው ይሆናል።"

"ስምዎ አለበት እኮ።"

"ልጄ፣ እኔ በመሣሪያዬ ከ170 ወርጄ አላውቅም።" መሣሪያውን ከኪሴ አውጥቼ ያጠራቀመውን ቁጥር አሳየኋት።

ፊቷ ተለዋወጠ። እጄን በሳሙና አስታጥባ፣ አድርቃ፣ በዚያው በመሣሪያዬ ለካችኝ። 106።

"ቤትዎ ነው የሚለኩት?"

"ሥራ ቦታ። ማለዳ፣ የመጀመሪያዎቹን ኬኮች እንዳወጣሁ። ግን አንዲት ፍርፋሪ አፌ አትገባም!"

"ሥራዎ ምንድን ነው?"

"ኬክ ነው የምሠራው። ላዩ ላይ ደቃቁን ስኳር የምነሰንሰው እኔ ነኝ።"

ጣቶቼን አየች። "ከመውጋትዎ በፊት እጅዎን ይታጠባሉ?"

"በሽርጤ በደንብ እጠርገዋለሁ" አልኳት፣ በኩራት።

"አባባ! የለኩት እኮ ኬኩን ነው!"

ሳቋን መቆጣጠር አልቻለችም። በኮሪደሩ የተቀመጡት በሽተኞች አንገታቸውን አስገብተው አዩን። ጣት ላይ የቀረ ስኳር ከደም ጠብታው ጋር ሲቀላቀል ቁጥሩን ይሰቅለዋል አለችኝ። እሁድ ሱቁ ዝግ ነው፤ መሣሪያውም መሳቢያ ውስጥ ይውላል። አንድ እሁድ እንኳን ቤት ወስጄው ቢሆን! እናትሽ ብትኖር በመጀመሪያው ጠዋት እጄን አይታ ትጮህብኝ ነበር። ለካ ሰው ብቻውን ሲኖር እጁን የሚያይለት ያጣል።

ሐኪሙ አልሳቀም። እራቴን በመቀነሴ ተቆጣኝ። "አልዳኑም፤ እየተመለሱ ነው። ክኒኑ ይቀጥላል፣ ምግቡም ይቀጥላል፣ ቁጥሩ ካስደነገጠዎት ደግሞ ለኔ ይነግሩኛል" አለኝ። በደረጃው ስወርድ እያፏጨሁ ነበር። በስድሳ ሁለት ዓመቴ!

ለሊቁ ነገርኩት። ምድጃውን ትቶ መሬት ላይ ተቀመጠ። "እኔስ ስንቱን ጠርጥሬ! ሽርጥህን ብንቀቅለው እኮ ሽሮፕ ይወጣዋል" አለ። ከዚያ ዓይኑን ጠረገ። ከሳቅ ነው አለኝ።

ትናንት በሳሙና ታጥቤ 107። ዛሬ 102። ነገ ስንት እንደሚሆን አላውቅም። መሣሪያው እስኪናገር ያለችው አምስት ሴኮንድ አሁንም ትረዝምብኛለች። ይህንንም ልነግርሽ ፈልጌ ነው።

ትኬት ቆርጫለሁ። ኅዳር 6፣ ከሠርግሽ ስምንት ቀን ቀድሜ እደርሳለሁ። የሠርግሽን ኬክ ለሌላ ሰው ሰጥተሽው ከሆነ ይሥራው፤ አንድ ወንበር ይበቃኛል። ዳር ላይም ቢሆን።

ቤታችሁን ሳቅ አይለየው። እጅሽን የያዘው ልጅ አጥብቆ ይያዝሽ። ይቅር በዪኝ ማለት ከብዶኝ ይኸው ሁለት ገጽ ሞላሁ።

ልትቀበዪኝ ካልመጣሽ አድራሻሽን ይዣለሁ። በሩን ካልከፈትሽልኝም ደረጃው ላይ ተቀምጬ፣ ለሚወጣ ለሚወርደው ሁሉ "የሙሽራዋ አባት ነኝ" እያልኩ እጠብቅሻለሁ።

አባትሽ