የሚዘፍነው ሽንት ቤታችን ስለማረፉ

ለ«ዓለም ያስብልን» የእርዳታ ድርጅት የአዳዲስ ሐሳቦች ክፍል ኃላፊ፣
ለክቡርነትዎ፣

በቅድሚያ ጤናዎ እንደምን ነው? ሆድዎስ? እኛ በንሳንጄ የጎርፍ ተፈናቃዮች መጠለያ ያለን ሰዎች ከሆዳችን በቀር ደህና ነን። ይህን ከባድ ዜና የሚያነቡት ቆመው ከሆነ እባክዎ ይቀመጡ፤ በዓለም ውድድር አንደኛ የወጣው፣ በሩ ሲነካ የሚዘፍነው ሽንት ቤትዎ ባለፈው ሐሙስ ድምፁን አጥፍቶ ከዚህ ዓለም ተለይቷል።

እስኪጽናኑ ድረስ ምስጋናዬን በትሕትና ላቅርብ።

አንደኛ፤ «የመጠለያው ሰዎች ሽንት ቤቱን ለምን አይጠቀሙበትም?» ብለው፣ ከእኛ በቀር የዓለም ሕዝብ ሁሉ ሐሳብ እንዲያዋጣ ስለጠየቁልን እናመሰግናለን። እኔም የዓለም ሕዝብ መስዬ፣ ኔትወርክ ፍለጋ ኩይሳ ላይ ወጥቼ፣ «አማትና አማች በአንድ ሽንት ቤት መጠቀም በእኛ ዘንድ ነውር ነውና ሌላ ይቆፈር» ብዬ ልኬ ነበር። «ሐሳብዎ አዲስነት ይጎድለዋል» የሚል መልስ በማግኘቴ ኮርቻለሁ። ጉድጓድ የቆየ ነገር መሆኑ ትዝ አላለኝም፤ ከስድስተኛ ክፍል ያቋረጠ ሰው ነኝና ይቅር ይበሉኝ።

ሁለተኛ፤ በረዶ አገር የሚኖር አንድ ብልህ ሰው «ስለሚሰለቻቸው ነው» ብሎ ዘፈን ስለገጠመበት እናመሰግናለን። የእህቴ የኤስናርት ባል ዳይሰን ድሮ ተደብቆ ይገባ ነበር፤ አሁን መጠለያው በሙሉ ይሰማዋል። «ላይፍ፣ ወንድሜ፣ እማማ የት እንዳለች እይልኝ በሞቴ፣ ሆዴ ጉድ ሊያደርገኝ ነው!» ይለኛል። እናቴ ደግሞ ዘፈኑን ስትሰማ ሽርጧን አጥብቃ ወደ ሺሬ ወንዝ ሸምበቆ ትሄዳለች። አዞ አለ ስንላት፣ «አዞ ቢበላኝ ሰው ያለቅስልኛል፤ አማቼ በሩ ላይ ቢያየኝ ግን ማንን ቀና ብዬ አያለሁ?» ትላለች።

ሦስተኛ፤ ረቡዕ ዕለት አዞው ሽርጧን ወሰደ። እግሯ ለጥቂት ተረፈ። ይህችን በቀልድ ልጽፋት ሞክሬ አልሆነልኝም። በዚያው ቀን የዘፋኙን በር ፎቶ የሚያነሳው ሠራተኛዎ፣ «ተጠቃሚዎች ረክተዋል?» ብሎ ጠየቀኝ። አፌ ላይ የመጣውን ዋጥኩት፤ የሽንት ቤትዎን ያህል ይሸት ነበር።

ሐሙስ እኔና ዳይሰን አካፋ ተውሰን ለእናቴ የራሷን ቆፈርንላት፣ በሸምበቆም አጠርነው። የዘፋኙን ሽቦ ማን እንደበጠሰው አልታወቀም፤ ምርመራውን የምመራው እኔ ነኝ።

ለነገሩ ይህን ያህል የሚያስጽፍም ጉዳይ አልነበረም፤ አንድ ጉድጓድ ነው። ከምሳ በኋላ ጀምረን ፀሐይ ሳትጠልቅ ጨረስነው።

የሆድ ሰላም እየተመኘሁልዎ፣ በታላቅ አክብሮት፣ አፍንጫዬን ይዤ፣
ላይፎርድ ቺሞምቦ
ከኩይሳው አናት

ማሳሰቢያ፦ ለአዲሱ ሽንት ቤት በር ብናጣ የድርጅትዎን ስም የያዘውን ትልቁን ሰሌዳ ገጥመንለታል። ጽሑፉ ወደ ውስጥ ነው፤ እናቴ ስምዎን ፊት ለፊት እያየች፣ ማንም ሳያጣድፋት ትቀመጣለች።