የመብረቅ ድምፅ የተገኘ ሰሞን

ጥቅምት 3
ሱቁ ሲተራመስ ዋለ። የተማሪ ሱሪ ማሳጠር፣ ዚፕ መቀየር... ፀጉር ሠሪዋ ጎረቤቴ ቀሚሷን ይዛ መጣች። "ጠበበኝ" አለች። ቀሚሱማ እንደነበረ ነው፤ የሰፋሽው አንቺ ነሽ ልላት ብዬ ምላሴን ያዝኩ።
ማታ ለባሌ ሾርባ አሞቅሁለት። ግማሹን ተወው። የድስት ጥራጊ የማያስተርፍ ሰው እኮ ነበር! ሕመሙ አገርሽቶበት ይሆን? አልጠየቅሁትም። ጉሮሮውን ቀደው ዕጢውን ካወጡለት ወዲህ ድምፅ የለውም፤ የሚለውን ከከንፈሩ ነው የማነበው። ዛሬ ከንፈሩም ዝም ብሏል።

ጥቅምት 9
ከቴሌቪዥን ጣቢያው ተደወለ። የካሴት ክፍል ሠራተኛ ነኝ አለች አንዲት ልጅ።
"እትዬ፣ የመብረቅ ባለቤት ነዎት?"
መብረቅ! ባንድ ሳለ ያወጡለት ስም። ስንት ዘመኑ... "ነኝ" አልኳት።
"ተገኘ!" ብላ ጮኸች።
በጣቢያው ስቱዲዮ የተጫወቱት የሮክ ፕሮግራም ነው የተገኘው። ያኔ ቴፕ ውድ ነበርና ኳስ ጨዋታ ቀዱበት ተብሎ እርማችንን ካወጣን ቆየን። ለካ አንዱ ካሜራ አንሺ ቅጂውን ወደ ቤቱ ወስዶት ኖሯል። ሰውየው ሲሞት ልጆቹ ጋራዡን ሲያጸዱ፣ ከአሮጌ ጎማ ሥር አገኙት።
እየሮጥኩ ሄጄ ነገርኩት። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ጥቅምት 10
"አላይም" አለ በከንፈሩ።
ለምን?
"የሞተ ድምፅ ምን ይሠራልኛል?"
ለእኔስ? እኔም ልተወው? ተኮራረፍን። በዚህ ዕድሜ!

ጥቅምት 14
ልጃችን መጣች። ስነግራት ዕንባዋ ቀደማት። "እማዬ፣ እኔ እኮ አባዬ ሲዘፍን ሰምቼው አላውቅም!"
እውነቷን ነው። እሷ ሳትወለድ ነው የተወው። ታናሽ ወንድሙ ቤዝ ጊታር ይጫወት ነበር፤ እሱ ይዘፍናል። አንድ ቀን ከሥራ ሲመለሱ መኪናው ተገለበጠ። እሱ ተረፈ፤ ታናሽየው እዚያው ቀረ። ከዚያ በኋላ ማይክ አልጨበጠም። የዳቦ መኪና እየነዳ ኖረ። ቤት ውስጥ እንኳ ሲያንጎራጉር አልሰማሁትም። በኋላ ደግሞ ያ ሕመም መጥቶ ድምፁን ጨርሶ ወሰደው።
እጁን ይዛ "አባዬ፣ ለእኔ ስትል" አለችው። ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ።

ጥቅምት 20
ሦስታችንም ጣቢያው ሄድን። ጠባብ ኮሪደር፣ መስኮት የሌለው ክፍል፣ እስከ ጣሪያ የተደረደረ ካሴት። ክፍሉ ብርድ ነው፤ የደወለችልኝ ልጅ በሹራብ ነው የምትሠራው። ቴፑ ተጣብቆ ስለነበር አስቀድማ በትንሽ ምድጃ አሙቃ አላቅቃዋለች። "ጋገርኩት ማለት ነው" ብላ ሳቀች። የዳቦ ሾፌሩም ፈገግ አለ።
መጀመሪያ ዝናብ የመሰለ ጭረት ብቻ ነበር። ከዚያ እሱ ብቅ አለ። ያ ጎፈሬ! ያ ከታች የሰፋ ሱሪ... የሰፋሁለት እኔ ነኝ።
አፉን ከፈተ። ድምፁን አላወቅሁትም።
እኔ ሚስቱ! በልቤ የነበረው ወፈር ያለ፣ የሚያባብል ድምፅ ነው። ይሄ ግን ቀጭን ነው፣ እንደ እሳት ይፋጃል። ያን ሁሉ ዓመት ምን ስናፍቅ ነው የኖርኩት? እኔው የሠራሁትን?
ልጃችን አፏን በሁለት እጇ ይዛ ታለቅሳለች። ወደ እሱ ዞርኩ። ራሱን እያየ አይደለም። ካሜራው ወደ ጥግ ሲዞር ታናሽየው ይታያል፤ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ከንፈሩን ነክሶ ይጫወታል። ከዚያ ምን እንደታየው እንጃ፣ ሳቀ። ቤታችን ያለው የታናሽየው ፎቶ አንድ የመታወቂያ ብቻ ነው፤ ተኮሳትሮ የተነሳው።
ባሌ ወንበሩን ጎተተና የቴሌቪዥኑን መስታወት በጣቱ ነካ። "አየሽ? ሳቀ።"
ቴፑን ወደ ኋላ እንድትመልስለት የጣቢያዋን ልጅ በእጁ ለመናት። መለሰችለት። እንደገና... እንደገና። ልጅቷ አልሰለቸችም። እግዜር ይስጣት።

ኅዳር 2
ሕመሙ አገርሽቷል። ሐኪሙ የነገረኝ ጫማውን እያየ ነው።

ኅዳር 6
ልጃችን የዘፈኑን ቪዲዮ በስልኳ አምጥታለታለች። ሆስፒታል አልጋው ላይ ሆኖ ያንን ሳቅ ያያል። ድምፁን ይዘጋዋል። ነርሷ "አባባ፣ ልክፈትልዎ?" ስትለው እጁን አወናጨፈ።

ኅዳር 11
ዛሬ በገዛ እጁ ድምፁን ከፈተው። ለእኔ ነው። ስሰማ ፊቴን እያየ ቆየ።
"ወደድሽው?"
"ወደድኩት። ግን ያገባሁት ይሄን ሰውዬ አይመስለኝም" አልኩት። ትከሻው እስኪነቃነቅ ሳቀ፤ ሳቁ ወደ ሳል ሄደ። እጄን ግን አልለቀቀም።

ኅዳር 19
ሄደ። እኔ ውኃ ልቀዳ ወጣ ባልኩበት... ምናለ ትንሽ ቢጠብቀኝ?

ኅዳር 27
ምንም።

ታኅሣሥ 16
ሱቁን ከፈትኩ። ፀጉር ሠሪዋ አብራኝ አቧራ ስትጠርግ ዋለች፤ ክፉ ቃል ልናገራት የነበርኩት ሴት!
ፕሮግራሙ ባለፈው ሳምንት ተላልፏል። አላየሁም። ክር ልገዛ ታክሲ ውስጥ ገባሁ። ሾፌሩ ሬዲዮውን ለቆታል። እሱ ነው። አሁን አወቅሁት፣ ከመጀመሪያው ቃል።
"እናቴ፣ ረበሽኩዎት? ልቀንሰው?"
"ተወው ልጄ።"
"ይሄ ድምፅ እስከዛሬ የት ተደብቆ ነው? ሰውየው በሕይወት አለ ይሆን?"
ወደ ውጭ አየሁ። "ባሌ ነበር" አልኩት።
ነበር... ከአፌ ሲወጣ ዛሬ ገና ነው።
ልጁ ደንግጦ እጁን ወደ ሬዲዮው ሰደደ። "እንዳታጠፋው" አልኩት። መውረጃዬን አለፍን። እሱም ይውረዱ አላለኝ፣ እኔም ወራጅ አለ አላልኩም።