ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ማንም አልታመመም

ለተከበሩ የነባር መዛግብት የጤና ጥናት አስተባባሪ፣

ጤናዎ፣ ልጆችዎ፣ ከብት ካለዎትም ከብትዎ ናጋ ነው ወይ፣ ሰላም ነው? እኛ ከነገሌ ወዲህ ያለን የቆላ ሰዎች፣ በጥናትዎ መሠረት፣ ከሚገባን በላይ ደህና ነን።

ሩቲ ሀንጋሳ እባላለሁ፤ በጤና ጣቢያችን የበሽተኛ መዝገብ ስሞላ አሥራ አንድ ዓመቴ ነው። አቧራችንን መቅመስ ሳያስፈልግዎ የእኔኑ መዝገብ ለጥናት በመጠቀምዎ ኮርቻለሁ። ይህን ከልቤ ነው የምለው፤ መዝገብ የሚጻፈው ሊነበብ ነው። ይሁንና በታላቅ ትሕትና የሚከተለውን አቀርባለሁ።

1. ጥናትዎ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ባለው በጋ ሕፃናት በተቅማጥ እንደማይታመሙ አረጋግጧል። ድርቅ እንዲህ ያለ መድኃኒት መሆኑን ስላሳወቁን እናመሰግናለን። እርግጥ ነው፣ በእነዚያ ወራት ቤተሰቡ ሁሉ ከብቱን ተከትሎ የሁለት ቀን መንገድ ርቆ ስለሚሰፍር ወደ ጣቢያችን የሚመጣ ሰው የለም።

2. በእነዚያ ወራት መዝገብ ላይ ያሉትን ዜሮዎች የጻፍኳቸው እኔ ነኝ። ተቆጣጣሪያችን ባዶ ሣጥን ማየት ስለማይወዱ፣ ሰው ያልመጣበትን ቀን ሁሉ በዜሮ ሞላሁት። አፍሬበታለሁ። እርስዎ ግን አንድ ጊዜ ደውለው ቢጠይቁኝ ኖሮ እውነቱን እነግርዎ ነበር፤ ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል።

3. ዘንድሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ከብት አርቢዎቹን እስከ ሰፈሩበት ተከትላ እንድትሄድ የተፈቀደችው የሕክምና መኪና፣ በጥናትዎ ምክንያት፣ በሽተኛ የለም ተብሎ ተሰርዛለች። ጎረቤቴ ደራርቱ ነፍሰ ጡር ናት፤ ወሯ ገብቷል፤ ሰኞ ከቤተሰቧ ጋር ከብቱን ተከትላ ትነሣለች። እኔም መቀመጥ አቅቶኝ በየሰዓቱ በር ላይ እየወጣሁ ያቺ መኪና ትመጣ እንደሆነ መንገዱን አያለሁ።

ስለዚህ ከሰኞ በፊት ዜሮዎቼን «አልታወቀም» ብለው እንዲያርሙልኝና መኪናዋ እንድትመለስ አንድ መስመር እንዲጽፉልን እለምንዎታለሁ። አንድ መስመር ጽፎ መኪና ማስቀረት ከቻሉ፣ በሌላ መስመር ማስመለስ እንደማያቅትዎ አምናለሁ።

ጤናዎ እንደ በጋ መዝገባችን እንከን የሌለበት እንዲሆን እየተመኘሁ፣ እጅ ነሥቼ እሰናበታለሁ።

አክባሪዎ፣
የዜሮዎቹ ጸሐፊ ሩቲ ሀንጋሳ

ማስታወሻ፦ አምና ጥር አሥራ ሰባት ቀን የጻፍኩት ዜሮ ስም አለው። ሚልኪ ይባል ነበር፤ የደራርቱ የመጀመሪያ ልጅ ነው። የዚያን ዕለት እዚያው በሰፈሩበት በተቅማጥ ሞተ፤ እኔ የሰማሁት በመጋቢት ሲመለሱ ነው። በጥናትዎ ውስጥ ካልታመሙት ሕፃናት ጋር ይገኛል።