የጥያቄ ምልክቶቹ ሙሾ

ረቡዕ፣ ኅዳር 10። ገዳሪፍ፣ ሱዳን።

ዛሬ እትዬ ዝናሽ ፍላሽ ይዘው ዱካኔ፣ ኮምፒውተር የምሠራበት ሱቄ፣ መጡ። እናታቸው፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ መተማ የታወቁ አልቃሽ ነበሩ። ሙሾአቸውን የእትዬ ዝናሽ ወንድም ከሰላ ሳለ በኮምፒውተር ጽፎት ነበር። ስከፍተው መስመሩ ሁሉ የጥያቄ ምልክት ነው።

የአማርኛ ፊደል ስላልጫንኩ ይሆናል ብዬ ተስፋ አደረግሁ። ጽሑፉን ትቼ የፋይሉን ኮድ ወደሚያሳየው ገጽ ቀየርኩ። 3F፣ 3F፣ 3F። የጥያቄ ምልክት ኮድ ነው። ለዐረብኛ በተዘጋጀ ኮምፒውተር ሲቀመጥ የእኛ ፊደል በሙሉ ወደዚያ ተለውጧል፤ አይመለስም።

«ኸላስ፣ ጠፋ በለኛ» አሉ።

«ቃሉ ጠፍቷል፣ እትዬ። የቀረው የቃሉ ልክና መስመሩ ነው።»

«እስቲ ወደ ፊተኛው መልሰው።»

መለስኩት። ምልክቶቹን አንድ በአንድ በጣታቸው እየነኩ ማንጎራጎር ጀመሩ። ለካ አንዱ ምልክት አንድ ፊደል ስለሆነ የሙሾው ምት አልተነካም። ሦስተኛው መስመር ላይ ቃሉ መጣላቸው፦

«ማሽላው ደረሰ፣ አጫጁ የት ሄደ።»

ከዚያ ወዲያ እንባ ቀደማቸው። «እንዳታጠፋው፣ ልጄ» ብለው ሄዱ።

እኔም ብቻዬን ቀጣዩን መስመር እየነካሁ አንጎራጎርኩ። ቃሉን ስለማላውቀው የአባቴ ስም ገባበት። አባቴ ጎንደር በሕይወት አለ፤ ድምፁን ከሰማሁ ግን ሰንብቻለሁ። አፌን ይዤ ፋይሉን ዘጋሁትና ስልኬን አነሳሁ።

ይህን ስጽፍም ይጠራል። አያነሳም።